ፕሬዚዳንት ስንመርጥ ነጥቡን እንዴት እንስጥ?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፕሬዚዳንት መራጭ ኮሚቴ አባል ነኝ። ስድስት አመልካቾች አሉን፤ አብዛኞቹ ዲን ወይም ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። በማስታወቂያው መሠረት ከመቶው 30 ለትምህርትና ለሥራ ልምድ፣ 30 ለዕቅድ ገለጻ፣ 40 ለቃለ መጠይቅ ነው። «አፈ ጮሌው አሸነፈ» እንዳይባል ምን እናድርግ?

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። ለትምህርትና ለልምድ 30 ነጥብ ብትሰጡም ስድስቱም ከ27 እስከ 29 ካገኙ መስፈርቱ ማንንም ከማንም አይለይም። በገለጻ አንዱ 12፣ ሌላው 27 ካገኘ ግን ውድድሩ እዚያው አለቀ። የሚወስነው የተመደበው ነጥብ ሳይሆን በተወዳዳሪዎች መካከል የሚፈጥረው ልዩነት ነው።

ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ 30፣ 30፣ 40ውን አትንኩ፤ ቅሬታ ያመጣል። ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ግን በየመስፈርቱ 10 የሚያሰጠው ምን እንደሆነ፣ 25 የሚያሰጠውም ምን እንደሆነ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ልምድን በዓመት ብቻ አትቁጠሩ። ስምንት ዓመት ዲን የነበረ ሰው በዘመኑ የትኛው የኦዲት ግኝት እንደተስተካከለ፣ የተማሪዎቹ የመውጫ ፈተና ውጤት ወዴት እንደሄደ በማስረጃ ያሳይ።

የዕቅዱን ስላይድ ሌላ ሰው ሊሠራለት ይችላል (ብዙ ጊዜም ይሠራል)። ስለዚህ ገለጻው 15 ደቂቃ፣ ጥያቄው 30 ደቂቃ ይሁን። ለቃለ መጠይቁ ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ባለ አንድ ገጽ ችግር አዘጋጁ፦ የቤተ ሙከራ ሕንጻ 60 በመቶ ላይ ቆሟል፣ ተቋራጩ የዋጋ ማስተካከያ ጠይቋል፣ የተማሪዎች ምግብ አቅራቢም ያለፈው ካልተከፈለኝ አላቀርብም ብሏል። አንብበው እንዲዘጋጁ 40 ደቂቃ ስጧቸው። «ከግንባታው ገንዘብ ለምግቡ እንከፍላለን» የሚል ሰው የካፒታል በጀት (ለግንባታና ለመሰል ሥራ የተያዘ ገንዘብ) ወደ መደበኛ ወጪ (እንደ ምግብና ደመወዝ ያለው የዕለት ተዕለት ወጪ) እንደማይዛወር አያውቅም። እንዲህ ያለውን ክፍተት አንደበት አይሸፍነውም።

እያንዳንዱ አባል ነጥቡን ከውይይት በፊት ጽፎና ፈርሞ ለጸሐፊው ያስረክብ። ሰብሳቢው ቀድሞ ከተናገረ የሌሎቹ ነጥብ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። የሁለት አባላት ነጥብ በጣም ከተራራቀ ምክንያታቸው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ አማካይ ወስዳችሁ አትለፉት። ከአመልካች ጋር ዝምድና ያለው፣ ወይም በአማካሪነትና በጋራ ጥናት የተሳሰረ አባል አስቀድሞ ያሳውቅና ይውጣ።

ውጤቱን ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ ስትልኩ ድምሩን ብቻ አትላኩ፤ የየመስፈርቱ ነጥብ ለየብቻው ይታይ።