ስምንት ሰዓት ላይ የሚጮኸው ድልድይ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ጻፈልኝ። በሚከታተለው ድልድይ ላይ ሾፌሮች ተማረዋል። ኤክስፓንሽን ጆይንቱ ጋ፣ ማለትም መኪና በሚሄድበት ወለል ጫፍ ሆን ተብሎ የተተወው ክፍተት ጋ ሲደርሱ መኪናው ይነጥራል። «ጋሼ፣ በላዩ ላይ አስፋልት ብናለብሰው ምን ችግር አለው?» ይላል። ሳነበው ደነገጥኩ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ እኔም ይህንኑ ጠይቄ፣ ራሴው መልሼ፣ ራሴው ፈርሜበታለሁ።

ቦታው ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ድልድዩ 40 ሜትር ይሆናል፣ መሀሉ ላይ አንድ ምሰሶ አለው። የጅቡቲ ተሳቢዎች ቀንና ሌሊት ያልፉበታል። እኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ፣ ሥራ ለማሳየት የቸኮልኩ። ሾፌሮቹ ጆይንቱን ይረግሙታል፣ አለቆቼም ስሞታው ሰልችቷቸዋል። አስፋልት የሚያነጥፈው ቡድን እዚያው አካባቢ ስለነበር ክፍተቱን ጭምር እንዲያለብሱት አዘዝኩ። በግማሽ ቀን አለቀ። በደብተሬ ላይ «ክፍተቱ ተሸፍኗል፣ ጉዞው ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ያቺ መስመር እስከዛሬ ከነእጅ ጽሑፏ ትታየኛለች።

ድልድዩን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የወሎ ሰው። ማታ ዕቃችንን ስንጭን ጠጋ አሉኝና «ልጄ፣ ይሄ ድልድይ እኮ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይጮሃል። ዛሬ ደግሞ ባሰበት» አሉኝ። እንዴት እንደሚጮህ ስጠይቃቸው «እንደ ቆርቆሮ ቤት» አሉ። ፈገግ ብዬ አለፍኳቸው። መሐንዲስ ነኛ!

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረም። ጣሪያው ፀሐይ ሲመታው ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ማታ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ። ልጅ ሆኜ ድመት የምትሄድበት ይመስለኝ ነበር። ኮንክሪትም እንደዚያው ነው፣ ድምፁ ስለማይሰማን የቆመ ይመስለናል እንጂ። አንድ ሜትር ኮንክሪት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያህል ይረዝማል። ትንሽ ናት። ግን በዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊትና በዓመቱ ሞቃት ከሰዓት መካከል የወለሉ ሙቀት በ30 ዲግሪ ቢለያይ፣ የእኔ 40 ሜትር ድልድይ 12 ሚሊ ይንቀሳቀሳል። የትንሽ ጣት ጥፍር ወርድ ማለት ነው። (ፌሮም በሙቀት የሚረዝመው በተቀራራቢ መጠን ነው። ባይሆንማ አርማታ የሚባል ነገር ባልኖረ።)

ያቺን 12 ሚሊ ብትከለክሏት ምን ይሆናል? ወለሉ 20 ሳንቲም ውፍረትና 7 ሜትር ስፋት አለው እንበል። እንቅስቃሴው ፈጽሞ ቢታገድ ግፊቱ ከ1,000 ቶን ያልፋል። ይህን የሚችል የዳር ግንብ የለም፣ እዚያ ሳይደርስ ይሰነጠቃል። አስፋልቱ ብቻውን እንደዚያ አያግድም። የእኔ ጥፋት ግን አስፋልቱ ብቻ አልነበረም። ከማልበሳችን በፊት ክፍተቱን በጠጠርና በአሸዋ ጠቅጥቀነዋል። ወለሉ በሙቀት ሲረዝም መግቢያ አጣ።

በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ሄድኩ። አስፋልቱ ጆይንቱ ላይ ተቀዶ ሰርጉዷል። የኮንክሪቱ ጠርዝ ተቆርሶ ፌሮው ወጥቷል። ከወለሉ ጀርባ ያለው ግንብ ላይ አግድም ስንጥቅ ነበረ፣ ዝርዝር ሳንቲም የሚያስገባ። አንድ ምሽት አንድ ተሳቢ ያንን ጠርዝ መትቶ የፊት ጎማው ፈንድቷል፣ ከድልድዩ መከላከያ ጋርም ተጋጭቷል። ረዳቱ ሃያ ዓመት አይሞላውም ነበር። እግሩ ተሰበረ፣ ከዚያ ወዲያ ሳያነክስ አልሄደም። ሽማግሌውን ፈለግኳቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰዋል ተባልኩ። ስማቸውን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ስለ መኪናው ጭነት ብዙ አልላችሁም፣ ትምህርት ቤት ጠግባችሁታል። አንድ ነገር ብቻ። በምንጠቀምበት የአሜሪካኖቹ ደንብ መሠረት መኪና ስለሚነጥር በጭነቱ ላይ 33 በመቶ ይጨመራል። ጆይንት ላይ ሲሆን ግን 75 በመቶ። ለምን እንደሆነ በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት። ፀሐይ የጎዳውን ጠርዝ ጎማ ይጨርሰዋል።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ድልድይ ስር ዳያል ጌጅ፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ አስሬ ሙሉ ቀን ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት መርፌዋ ስትሄድ አየኋት። የወለሉ ላይኛው ፊት ግሏል፣ ሆዱ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ መሀሉ ወደ ላይ ቀና ይላል። ወደ 3 ሚሊ ገደማ። አንድም መኪና አልነበረም።

የዛሬ ልጆች ወንበር ታበዛላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ድልድዩን ቀይና ሰማያዊ አድርጋችሁ ታሳዩኛላችሁ፣ ሆዱ ስር ገብታችሁ ግን ወለሉ የተቀመጠበትን ቤሪንግ በእጃችሁ የዳሰሳችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ደግሞ እውነቱን ልናገር። እኛ ሳምንት የሚፈጅብንን ስሌት እናንተ ከምሳ በፊት ትጨርሳላችሁ። በዚያ ዘመን ያ ቢኖረኝ ኖሮ ምናልባት ሽማግሌውን ባላለፍኳቸው። ወይም እሱን ይዤም አልፋቸው ነበር፣ አላውቅም።

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ካፖርታችሁን ታወልቃላችሁ አይደል? ታች የሚጠብቃችሁ፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ነው። ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢለዋወጥ ርዝመቱ በ9 ሳንቲም ገደማ ይለወጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታልፉ ጫፎቹ ላይ ያለውን የጆይንት ብረት ልብ ብላችሁ እዩት።

ልጄ፣ አንተ የጻፍክልኝ፣ አስፋልቱን ለጊዜው ተወው። ሾፌሮቹ እውነታቸውን ነው፣ ይነጥራል። የሚነጥረው ግን ጠርዙ ስለተበላ ወይም ብረቱ ስለተነሳ ይሆናል፣ እሱ ይጠገናል። መጀመሪያ ክፍተቱ ውስጥ የገባውን ጠጠር አስጠርገህ አስወጣ። ከዚያ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሂድና ስፋቱን በማስመሪያ ለካ። ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስና እዚያው ነጥብ ላይ ድገመው። ዘበኛም ካለ አነጋግረው። ሁለቱን ቁጥሮች ላክልኝ።