የጉበት ካንሰር ሕክምና የሐኪሞች ስብሰባ ለምን ይፈልጋል?

እህቴ፣ አባትሽን ይማርልሽ። «ዕጢው አንድ ነው፣ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ታዲያ ሐኪሞቹ ተሰብስበው እስኪወስኑ ለምን እንጠብቃለን?» ላልሽው፣ መልሱ ያለው ከዕጢው ይልቅ በቀሪው ጉበት ላይ ነው።

የጉበት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በሄፓታይተስ፣ በአልኮል ወይም በስብ ክምችት ለዓመታት ተጎድቶ ጠባሳ በያዘ ጉበት ላይ ነው። ሲሮሲስ የሚሉት ይህን ነው። ስለዚህ ታማሚው ሁለት በሽታ አለበት ማለት ነው። ዕጢው በደንብ ተቆርጦ ቢወጣም የተረፈው ጉበት ሥራውን መሸከም ካቃተው ሰውየው በጉበት ድክመት ሊሞት ይችላል። ይህን የሚመዝነው የጉበት ሐኪሙ ነው። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ደግሞ ዕጢው ወደ ደም ሥር መግባት አለመግባቱን ያያል፤ እሱ ራሱም ያክማል። ትንንሽ ዕጢዎችን በመርፌ ያቃጥላል፣ ወይም ዕጢውን የሚመግበውን የደም ቧንቧ መድኃኒት ጨምሮ ይደፍናል።

የጉበት ንቅለ ተከላም አለ፤ የታመመውን ጉበት አውጥቶ በሌላ ሰው ጉበት መተካት ማለት ነው። በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣውና ለንቅለ ተከላ ማን ብቁ እንደሆነ የሚለየው የሚላን መስፈርት ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ አንድ ዕጢን፣ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ እስከ 3 ዕጢዎችን ይቀበላል። የአባትሽ በመጠን ይገባል፤ ዕድሜና የልብ ጤንነት ግን አብረው ይታያሉ። በእኔ እምነት ይህን ሁሉ አንድ ሐኪም ብቻውን መወሰን የለበትም።

ከስብሰባው በኋላ «ንቅለ ተከላ ተነስቶ ነበር? የመጀመሪያው ሕክምና ካልሠራ ቀጣዩ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ደም ካስታወከው፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።