ያገለገለ ኮይልኦቨር ለምን ይንኳኳል? ጥያቄና መልስ

ኮይልኦቨር የምንለው ሞላው በሾኩ ላይ የተጠለቀበትና ጥርስ ባለው የሾኩ አካል ላይ ቀለበት በማዞር የመኪናው ቁመት የሚስተካከልበት ዕቃ ነው። አዲሱ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያገለገለውን ይገዛል፤ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ድምፅ ይመጣል። ጠያቂዎችን አስቀድሜ የምለምነው ድምፁ ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሰማም እንዲነግሩኝ ነው፤ ጎማው ሲንጠለጠል፣ ወደ ላይ ሲገፋ፣ መሪ ሲዞር ወይም ፍሬን ሲያዝ የሚሰማው ድምፅ መነሻው ለየቅል ነውና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሻርጃ የመጣ ያገለገለ ኮይልኦቨር ኮሮላዬ ላይ አስገጠምኩ። ኮብልስቶን ላይ ስነዳ ከፊት በኩል «ቋ ቋ ቋ» ይላል፤ ጥሩ አስፋልት ላይ ግን ምንም አይሰማም። መካኒኩ ሾኩ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ገና ምንም አይግዙ። የሞተ ሾክ ምልክቱ በአብዛኛው ሌላ ነው፤ መኪናው ከጉብታ በኋላ ደጋግሞ ይዋልላል፣ ጎማው መንገዱን አይጨብጥም፣ በዘንጉ ዙሪያም ዘይት ይታያል። በትንንሽና ተከታታይ ጉብታ ላይ ብቻ የሚሰማ ፈጣን መንኳኳት ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው የሆነ ቦታ ላይ በጣም ትንሽ ክፍተት እንዳለ ነው።

ፍተሻውን ከላይ ይጀምሩ። ኮፈኑን ይክፈቱና አንድ ሰው መኪናውን ከጎን እየገፋ እንዲያወዛውዘው ያድርጉ፤ እርስዎ ጣትዎን ግማሹ በዘንጉ ጫፍ ባለው ዳዶ፣ ግማሹ ሾኩን ከላይ ከቦዲው ጋር በሚያያይዘው ማውንቲንግ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይያዙ። ሁለቱ ለየብቻ ሲንቀሳቀሱ ጣትዎ ያውቀዋል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ደጋግሜ የማገኘው ችግር የጎደለ ሮንዴላ ነው። ዕቃው ከመጀመሪያው መኪና ሲፈታ ሮንዴላው ወይም መሃል የሚገባው አጭር ቱቦ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ ገጣሚ ዳዶውን ሲያስር ዳዶው የጥርሱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ለእጅ የጠበቀ ይመስላል፣ ማውንቲንጉን ግን አልጨበጠውም። ስለዚህ «አጥብቄዋለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን አያሳምነኝም፤ ከዳዶው በላይ ስንት ጥርስ እንደወጣ ከሌላኛው ጎን ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ዳዶውን ሲያስሩ ዘንጉን ከላይ በብሩጎላ ይዘው በእጅ ቁልፍ ይሥሩ፤ የመጨረሻው ጥብቀትም አምራቹ በሚያዘው ልክ ይሁን። የአየር መፍቻ ዘንጉን ከነፒስተኑ ያሽከረክረዋል፤ በዚህም ውስጡን ሊጎዳ ወይም የላይኛውን ጥርስ ሊበላ ይችላል። የዘንጉን የሚያብረቀርቅ ክፍል በፒንሳ መያዝ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ እዚያ ላይ የቀረ አንድ ጭረት በወጣና በገባ ቁጥር የዘይት ማገጃውን ጎሚኒ ይቆርጠዋል።

ዳዶው ደህና ከሆነ ማውንቲንጉን ራሱን ይጠርጥሩ። የፋብሪካው ማውንቲንግ ጎሚኒ ስላለው ድምፅ ይውጣል፤ ብዙ ኮይልኦቨሮች ላይ ግን በጎሚኒው ፈንታ ክብ የብረት መጋጠሚያ አለ፤ እሱ ትንሽ ሲበላ ድምፁ በቀጥታ ወደ ቦዲው ያልፋል። ፈትተው በእጅ ሲነቀንቁት ቀጭ ቀጭ ካለ መለወጥ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ስለሚገኝ ሙሉውን ሾክ መጣል አያስፈልግም።

ሦስተኛው የስታብላይዘር ሊንክ ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት (ስታብላይዘሩን) የሚያገናኘው፣ ጫፎቹ ላይ ኳስ ያለው አጭር ዘንግ ማለት ነው። በሁለቱም ጎን ያሉትን ሊንኮች ይፍቱ፣ የስታብላይዘሩን ጫፎች ከምንም ጋር እንዳይጋጩ በደንብ አስረው ያቆዩዋቸው፣ ከዚያም ሰፈር ውስጥ በዝግታ ይንዱ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። መኪናው ዝቅ ሲል የፋብሪካው ሊንክ ርዝመት ልክ ስለማይሆን ኳሱ ከልኩ በላይ ያጋድላል፤ አዲስ ሊንክ እንኳ በዚያ ሁኔታ ዕድሜ አይኖረውም። ርዝመቱ የሚስተካከል ሊንክ መግጠም ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእኔ እንደዚያ አይደለም። ስፒድ ብሬከር ከተሻገርኩ በኋላ ጎማው ሲወርድ አንድ ጊዜ «ጓ» ይልና ዝም ይላል። መኪናውን ዝቅ ካደረግሁት ወዲህ ነው የጀመረው።

መልስ፦ ሞላዎ ጎማው ሲንጠለጠል ይላላል፤ መኪናው ሲመለስበት ደግሞ መቀመጫውን ይመታል። ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። በአንድ የፊት ጎማ በኩል ሞላው የሚሸከመው ክብደት 300 ኪሎ፣ የሞላው ጥንካሬ ደግሞ በ1 ሚሊሜትር 6 ኪሎ ነው እንበል። መኪናው ሲቆም ሞላው 50 ሚሊሜትር ይታመቃል ማለት ነው። ሾኩ ከዚያ አቋም ወደ ታች 70 ሚሊሜትር የሚዘረጋ ከሆነ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ሞላው በ20 ሚሊሜትር ክፍተት ውስጥ ያለ ምንም ጭነት ይቀራል። የሚሰሙት «ጓ» ያ ክፍተት ሲዘጋ ነው።

መፍትሔው በዕቃው ዓይነት ይወሰናል። አንዳንዱ ኮይልኦቨር ቁመቱ የሚስተካከለው በሞላው መቀመጫ ቀለበት ብቻ ነው፤ በዚህኛው ላይ መኪናውን ይበልጥ ዝቅ ባደረጉት ቁጥር ሞላው ይበልጥ ይላላል፤ ስለዚህ ቀለበቱን ወደ ላይ መልሰው ትንሽ ከፍ ያለ ቁመት መቀበል ወይም ክፍተቱን የሚይዝ ቀጭን ረዳት ሞላ መጨመር አለብዎት። ሌላው ዓይነት ከታች ያለው መያዣም በጥርስ የሚወጣና የሚወርድ ነው። በዚህኛው ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላው በእጅ የማይነቀነቅ እስኪሆን ድረስ ቀለበቱን ያጥብቁ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ይጨምሩለት፤ የመኪናውን ቁመት ግን በታችኛው መያዣ ያስተካክሉ። ሁለቱን ሥራ መለየት ያልቻለ ሰው ድምፁንም ቁመቱንም አያስተካክልም።

ያገለገለ ሲሆን ሌላም ጥርጣሬ አለ። ሞላው ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ላይ የውስጥ ስፋታቸው፣ ርዝመታቸውና ጥንካሬያቸው በቁጥር ተጽፏል፤ የግራና የቀኙን ያነጻጽሩ። ጽሑፉ ከጠፋ ሁለቱን ሞላዎች ፈትተው ጎን ለጎን ያቁሟቸው።

ጥያቄ፦ መኪና ሳቆም መሪውን ሙሉ ሳዞር «ጥንን» የሚል የሞላ ድምፅ ይሰማል።

መልስ፦ ሞላው ከመሪው ጋር በነፃነት አይዞርም፤ ይያዝና በድንገት ይለቃል። አንድ ሰው መሪውን ሲያዞር መዳፍዎን በሞላው ውጫዊ ጎን ላይ ያሳርፉ፤ ጣትዎን በመዞሪያዎቹ መካከል በፍጹም አያስገቡ። የላይኛው ኩሽኔታ ደርቋል ወይም ተገልብጦ ገብቷል። ያጽዱት፣ ግሪስ ያድርጉለት፤ ሻካራ ከሆነ ይለውጡት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ለሱባሩዬ ያገለገለ ገዛሁ፣ ነገር ግን ከታች ያሉት ቀለበቶች በዝገት ተጣብቀዋል። ገጣሚው «ከተጣበቀ አይላላም» ብሎ እንዳለ ገጠመው። አሁን ከታች በኩል ይንኳኳል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ አሳሳቢ ስለሆነ ሳይዘገይ ይታይ። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የአሉሚኒየሙን ቀለበትና የብረቱን ጥርስ አብሮ ይበላቸዋል፤ ስለዚህ ቀለበቱ ተጣብቆ ሳለ ከታች ያለው መያዣ ግን ሊላላ ይችላል። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተው ጊዜ ይስጡት፣ ከዚያ በራሱ ጥምዝ ቁልፍ ይሞክሩ። በመዶሻና በመሮ የሚመታ ቀለበት ጠርዙ ይበላና ሁለተኛ አይጠብቅም። ሲፈታ የሾኩ አካል ወደ መያዣው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ይለኩ፤ አምራቹ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ያነሰ ከሆነ ቁመት ለማትረፍ ብለው አይንዱት። አጥብቀው ሲጨርሱ በቀለበቱና በመያዣው ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሳሉ፤ መስመሩ ከተዛነፈ ቀለበቱ እንደዞረ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው ያለኝ፤ የሚንኳኳው ከኋላ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ክሪኩን፣ መለዋወጫ ጎማውንና የዕቃ ሳጥኑን አውጥተው ይንዱ፤ ብዙ የኋላ ድምፅ እዚያ ያልቃል። ካልጠፋ፣ በፊት ጎማ የሚነዳው ቪትዝ ከኋላ ሞላውና ሾኩ የተለያዩ ስለሆኑ ከሞላው በላይና በታች ያሉት የጎሚኒ መቀመጫዎች መኖራቸውን ይመልከቱ። የሾኩ የታችኛው ብሎን ደግሞ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ታስሮ ከሆነ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ሄጄ ልገዛ ነው። እዚያው ቆሜ ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉንን አሮጌ መኪናዎች ይዘን እንቆያለን፤ ጥያቄው የብዙ ሰው ነው። ሞላው የወጣለትን ሾክ ያቁሙትና ዘንጉን በቀስታ እስከ ታች ይጫኑት። ጋዙ ያልወጣ ባለ አንድ ቱቦ ሾክ ሲለቁት ራሱ ይነሣል፤ ካልተነሣ ይተዉት። ባለ ሁለት ቱቦ የሆነው ደግሞ ተኝቶ ከተጓዘ ወይም ከተቀመጠ አየር ወደ መሥሪያው ክፍል ይገባና መጀመሪያ ላይ ባዶ ቦታ ያለው ይመስላል፤ አቁመው ደጋግመው ያስኪዱት። ባዶው ቦታ ከጠፋ ደህና ነው፣ ካልጠፋ ዘይቱ ጎድሏል ወይም ውስጡ ተበልቷል። ዘንጉን ወደ ጎንና ጎን ይነቅንቁት፣ በጥፍርዎም ከላይ እስከ ታች ይዳስሱት። የታጠበና የሚያበራ ዕቃ ከሆነ የዘይት ማገጃውን አካባቢ በነጭ ጨርቅ ጥረጉና ጥቂት ካስኬዱት በኋላ እንደገና ይመልከቱት።

ጥያቄ፦ የሾኩን የጥንካሬ ማስተካከያ ወደ ጠንካራው ባዞር ድምፁ ይቀንሳል። እንዲህ ብነዳውስ?

መልስ፦ አይንዱት። ላላ ያለውን ዕቃ አላጠበቁትም፤ እንቅስቃሴውን ብቻ ቀንሰዋል፤ ጭነቱ ደግሞ ወደ ማውንቲንጉ ይሄዳል። ይልቁንስ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ያጥብቁ፣ ከዚያ እየቆጠሩ መልሱት፤ ደረጃው እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ለምሳሌ ቢአር የተባለው የቢሲ ሬሲንግ ሞዴል 30 ደረጃ፣ ፍሌክስ ዜድ የተባለው የቴይን ሞዴል ደግሞ 16 ደረጃ አለው። በግራና በቀኝ ቁጥሩ ካልገጠመ ወይም በአንዱ ላይ ማዞሩ ምንም ለውጥ ካላመጣ ያ ሾክ ውስጡ ተጎድቷል።

ጥያቄ፦ እስኪሠራልኝ ድረስ እየነዳሁ ብቆይ አደጋ አለው?

መልስ፦ የሊንክ ወይም የኩሽኔታ ድምፅ ከሆነ በዝግታ ጋራዥ ያደርሳል። ሞላው ከተሰበረ፣ የታችኛው መያዣ ከላላ፣ የዘንጉ ዳዶ ጥርሱ ከተበላ ወይም ቴስቲናው (የጎማው የኳስ መጋጠሚያ) ከተነቀነቀ ግን መኪናው ባለበት ይቁም። መኪናውን ሲያነሡም በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከሥሩ አይግቡ፤ በመደገፊያ ብረት ላይ ያሳርፉት። ሞላ ታምቆ ሳለ የላይኛውን ዳዶ መፍታት ሰው ይጎዳል፤ ሞላ መጭመቂያ ይጠቀሙ። ጋዝ ያለበትን ሾክም አይብሱት፣ አይበይዱት። ቁመቱ በተነካ ቁጥር ደግሞ የጎማ አላይመንት ይሠራ፤ ያለዚያ ድምፁ ጠፍቶ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል።