ሻንሲውን እንዳትቆርጠው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ድሮ ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ የገዛው ያማሃ ዲቲ 125 አለ። ግቢያችን ውስጥ ላሜራ ተከድኖበት ከቆመ 11 ዓመቱ። አሁን «ውሰደውና እንደፈለግህ አድርገው» ብሎኛል። እኔ ካፌ ሬሰር ላደርገው ነው ያሰብኩት። የኋላውን ሻንሲ ቆርጬ፣ መሪውን ዝቅ አድርጌ፣ ድምፁ ወጣ እንዲል ማርሚታውን አንስቼ። ብየዳ የሚችል ጓደኛ አለኝ። አንድ ችግር ግን አለ፤ ማስነሻ መርገጫው አልወርድ ብሏል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ግራይንደሩን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ይቺን አንብባት። ሞተሩ ገና አልተነሳም እኮ! መጀመሪያ አባትህ ሲነዳው እንደነበረው ይነሳ፤ አንድ ሁለት ወር ንዳው፤ ስለ ውበቱ ከዚያ በኋላ እናወራለን።

መርገጫው እምቢ ያለው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ በዝገት ስለተያዘ ይሆናል። በጉልበት እንዳትረግጠው። ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅለህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል አፍስስ፣ ከዚያ ሦስት አራት ቀን ተወው። ሲበቃው የመጨረሻውን (ትልቁን ቁጥር) ማርሽ አስገብተህ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ወዝወዝ አድርገው። አሁንም እምቢ ካለ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አውጥተህ ፒስተኑን ከላይ በእንጨት ቀስ እያልክ ምታው። በብረት አይሆንም። ከለቀቀ በኋላም ሲሊንደሩን አውጥተህ ውስጡን በጣትህ ዳስሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ተለቅ ያለ ፒስተን ይገባለታል። የመጀመሪያው ልክ 0.25 ሚሊሜትር፣ ቀጣዩ 0.50 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዲቲህ ባለ ሁለት ምት ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይገባል፣ ፒስተኑንና የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) ኩሽኔታ አለስልሶ አብሮ ይነድዳል። ቤንዚኑና አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣታቸው በፊት ከታች ክራንኩ ቤት ውስጥ ይጨመቃሉ። ስለዚህ ያ ቤት አየር ማስገባት የለበትም። እንዳያስገባ የሚጠብቁት በክራንክ ሻፍቱ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት የጎማ ኦይል ሲሎች ናቸው። 11 ዓመት ቆሞ ጎማው ደርቋል፣ ዓይን ባያየውም ደርቋል። ከዚያ በየት በኩል እንደሆነ ሳታውቅ ትርፍ አየር ይገባል፣ ቤንዚኑም ዘይቱም ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል።

በእኔ ደርሶብኛል። አንድ አሮጌ ዲቲ አስነሳሁና «አሪፍ ነው፣ ሲሉን ሌላ ጊዜ እቀይረዋለሁ» ብዬ በጎጃም መንገድ ወጣሁ። ሱሉልታን አለፍኩ፣ ጫንጮን አለፍኩ፣ እየዘፈንኩ ነበር። ሙከ ጡሪ ሳልደርስ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው እንደያዝኩ፣ የኋላ ጎማው ድንገት ቆመ። ፍሪሲዮን ስለያዝኩ ነው የተረፍኩት። ሞተሩ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ተመለሰ፣ እኔም አጠገቡ ድንች ላይ ተቀምጬ። የሁለቱ ሲሎች ዋጋ ለአይሱዙው ከከፈልኩት ያንስ ነበር። የግራው ማግኔቱን ካወጣህ በኋላ ከውጭ ይለወጣል። የቀኙን ሠሪው ሞተሩን ከፍቶ ካየ በኋላ ይነግርሃል።

የዘይት ፓምፑንም እንዳታምነው። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውቶሉብ የሚለው ነገር ነው፤ ዘይቱ በራሱ ዕቃ ይቀመጣል፣ ፓምፑ እንደ ጋዙ መጠን ይለካል። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ ግን ምንም ዘይት ሳይሄድ ሞተሩ ቆንጆ ይሠራል፤ ለጥቂት ደቂቃ። ፓምፑ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን ፈታ አድርገህ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወርድ ጠብቅ። እስክታምነው ድረስ ደግሞ በ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ቀላቅል። ጎረቤት በጭሱ ይማረር፣ ምንም አይደል።

የነዳጅ ታንኩ ውስጥ ዝገት አለ፣ መጠየቅም አያስፈልግም። ኮምጣጤ ሞልተህ አንድ ሁለት ቀን አሳድረው፣ እፍኝ ዳዶ ከትተህ ነቅንቀው፣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥበህ ወዲያው አድርቀው። ወዲያው ያልኩት በምክንያት ነው፤ እርጥብ ካደረ ነገ እንደገና ቀይ ነው። ዳዶዎቹን ስታስገባም ስታወጣም ቁጠራቸው። ካርቡራተሩን ፍታውና ጂግለሮቹን፣ ቤንዚን የሚመጥኑትን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች፣ ወደ ብርሃን አንስተህ ተመልከት፤ ቀዳዳው ውስጥ ሰማይ ካልታየህ ተደፍኗል። በሽቦ አትጎርጉረው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። በአየር ንፋው።

እናንተ ጋ ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተመጠነ ጂግለር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተህ ካንዴላውን አውጣ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር ቀንስ። የምትፈልገው ቀለም ምጣድ ላይ ገና ቡናማ መሆን የጀመረ ቡና ነው። ነጭ ከሆነ አቁም፤ ወይ ጂግለሩን አብዝተህ ቀንሰሃል፣ ወይ ያ ሲል አየር እያስገባ ነው።

አሁን ወደ ማርሚታው። የሁለት ምት ጭስ ማውጫ መሀሉ ላይ ያበጠው ለጌጥ አይደለም። ጭሱ ሲወጣ የግፊት ማዕበል ይሄድና ጠባቡ ጫፍ ላይ ተመትቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ሊያመልጥ የነበረውን ያልነደደ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋል። እሱን ካነሳህ ድምፅ ታገኛለህ፣ ጉልበት ታጣለህ። ዳገት ላይ ባጃጅ ያልፍሃል። የአየር ፊልትሮ ቤቱን ማንሳትም ያው ነው። የስፖንጁን ፊልትሮ አጥበህ፣ ዘይት ነክረህ፣ ጨምቀህ መልሰው።

ካፌ ሬሰር ያልከው ነገርም አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ የለንደን ወጣቶች ከኤስ ካፌ ተነስተው ለስላሳ አስፋልት ላይ ለመሽቀዳደም የሠሩት ሞተር ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ጎንበስ ብለህ የምትነዳው። ዲቲ ደግሞ እግሩ ረጅም ነው፣ ለጭቃና ለኮረኮንች የተሠራ። መሪውን ዝቅ ብታደርገው ቀሚስ እንደለበሰ ፈረስ ነው የሚመስለው። ይልቅ ባሕርይውን ተከተለው። ከኮምፔርሳቶ ጠፍጣፋ ወንበር ቁረጥና ስፖንጅ አድርገህ የሶፋ ሠሪ ይስፋልህ። ፓራፋንጎውን አሳጥር፣ ታንኩን አንድ ጥሩ ቀለም ቀባው። ሁሉም በቡሎን የሚገጠም፣ ነገ ቢያስጠላህ የሚፈታ ይሁን። አሮጌ ዕቃዎቹንም አትሽጣቸው።

ሻንሲው ግን አይነካም። ቁጥሩ መሪው የሚታሰርበት አንገት ላይ ተመትቷል፣ ሊብሬው ላይ ያለውም እሱ ነው። በግራይንደር ወይም በወፍራም ስቱኮ ካጠፋኸው ቦሎ ልታወጣ ስትሄድ ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ስርቆት ነው የምትጠየቀው። ቀለም ከመቀየርህ በፊትም ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ በል። ሊብሬው በአባትህ ስም መሆኑንም አጣራ፤ በሐራጅ የተገዛ ነገር ስም ሳይዛወር ዓመታት ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እ.ኤ.አ. የ1972 ሥሪት ሆንዳ ሲቢ 350 ገዝቼ ጋራዤ ውስጥ እየፈታሁ ነው። የሞተሩ ክዳን ብሎኖች ግን መስቀላቸው እየተበላ አስቸገረኝ። ካቻቢቴዬ ርካሽ አይደለም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካቻቢቴህ ውድ ነው፣ ግን የተሳሳተ ነው። የድሮ ጃፓን ሞተር ላይ ያለው መስቀል አሜሪካ ውስጥ ከለመድከው ፊሊፕስ ጋር ቢመሳሰልም አንድ አይደለም፤ ጄአይኤስ ይባላል። ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ ታያለህ። ፊሊፕሱ ሙሉ በሙሉ ስለማይቀመጥ ስታዞረው ሽቅብ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይበላዋል። የጄአይኤስ ካቻቢቴ ግዛ፤ ለግትሮቹ ደግሞ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ዓይነት። ቀድመህ ዘይት ንፋበትና አንድ ሌሊት ተወው። ስትመልስ በብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ) ቡሎን ቀይራቸው፣ ግን ከልክ በላይ አታጥብቅ፤ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ተመንጥቆ ይወጣል። አንድ ነገር ደግሞ፦ የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሳልና የወጣውን ብሎን ሁሉ በቦታው ሰካው። ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሞተሩን ሳሎናችን ውስጥ እየሠራ ነው። ካርቡራተሩን በእኔ የወጥ ሳህን ቤንዚን አድርጎ ያጥባል። እኔ የማፈላው ቡና ደግሞ እዚያው ነው፣ በከሰል። «ራቅ ብሎ ነው፣ ምንም አይልም» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይደለም። ይሄንን ገጽ ቆርጠሽ ስጪው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም። ወለሉን ተከትሎ በምንጣፉ ላይ እየተሳበ ይሄድና ምድጃሽ ጋ ይደርሳል። ከሰሉ ደግሞ የሚቀመጠው እዚያው መሬት ላይ ነው። ሁለት ሦስት ሜትር መራቅ ምንም አይጠቅምም። እሳቱ ትነቱን ተከትሎ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ካርቡራተር የሚታጠበው ደጅ ነው፣ በቀን፣ ሲጋራም ከሰልም በሌለበት። ታንኩም ባዶ ነው ብሎ ቤት አያስገባው፤ ቤንዚኑ የወጣለት ታንክ ትነት ሞልቶት ይቀመጣል። ብየዳ የሚነካው ከሆነማ ውሃ ሞልቶ አጥቦ ለሚያውቅ ሰው ይስጠው።

ሞተሩ ራሱ ቤንዚኑ ተቀድቶ፣ ታንኩ ደጅ ቀርቶ፣ ካርቶን ላይ ከቆመ ሳሎን ውስጥ ቢከርም እኔ አልከፋም። አንቺ ካልከፋሽ ማለቴ ነው። ሳህኑ ግን ከእንግዲህ የእሱ ነው፤ ለአንቺ አዲስ ይግዛልሽ።