ግድግዳ ላፍርስ ወይስ ላስፈቅድ? ከባሕር ዳር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ቤት ማደስ፣ ማስፋትና ለአቅመ ደካሞች መግቢያ ማመቻቸትን የተመለከተ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ሙያዬ የሕንፃ ምሕንድስና ነው። ቤታችሁን ሳላይ ስለምመልስ ግን የምጽፈው ነገር ቦታው ላይ ቆሞ የሚያየውን መሐንዲስ አይተካም። አዋጅም ደንብም ስለሚሻሻል፣ ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከክፍለ ከተማችሁ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጠይቃችሁ ያዙ።

ጥያቄ (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)፦ ቤቴ ጂ ፕላስ አንድ ነው። ምድር ቤት ያለውን ሳሎን ከመኝታ ቤቱ የሚለየውን ግድግዳ አፍርሼ ማስፋት እፈልጋለሁ። ግንበኛው «ብሎኬት ነው፤ ምንም አይሸከምም» ይላል። ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 «ግንባታ» ሲል አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አይደለም፤ ነባሩን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ይጨምራል።

ግንበኛው እውነት ሊኖረው ይችላል። ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) እና ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ባለው ቤት ውስጥ ብሎኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ክፍተት መሙያ ነው። ሆኖም «አብዛኛውን ጊዜ» እያሉ መዶሻ አያነሡም። ከግድግዳው አናት ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር፣ ልስኑን የእጅ መዳፍ በምታህል ስፋት ፈልፍለው ይዩ። ከብሎኬቱ በላይ ቢም ካለና ቢሙ በሁለቱም ጫፍ ኮለን ላይ ካረፈ ተስፋ አለዎት። ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) በቀጥታ ብሎኬቱ ላይ ተኝቶ ከሆነ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ያ ግድግዳ ተሸካሚ ነው። ፎቁንም ወጥተው ይመልከቱ፤ በዚያው መስመር ሌላ ግድግዳ ቆሞበት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የጸደቀው የቤቱ ፕላን በፋይል ካለ ግማሹን ጥያቄ እሱ ይመልሰዋል።

ጥያቄ (ከዚያው ጠያቂ)፦ የገዛ ቤቴ የውስጥ ግድግዳ ነው፤ ማን ያየዋል?

መልስ፦ ፍርስራሹን የሚጭነው ጋሪ ደጅዎ ላይ ይቆማል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያየዋል። ቤቱን በዋስትና አስይዘው ብድር ሲጠይቁ ደግሞ የባንኩ ገማች ፕላኑን ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ እናቴ በስትሮክ ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። መግቢያችን ሦስት ደረጃ አለው። ግንበኛው በሁለት ሜትር ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ) እጨርሰዋለሁ አለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። ሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን በሁለት ሜትር መውጣት ማለት ገፊው ጎልማሳ እንኳ ወገቡን የሚይዝበት፣ ሲወርዱ ደግሞ ወንበሩ ከእጅ የሚያመልጥበት ቁልቁለት ነው። በዓለም ዙሪያ የተለመደው ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር አግድም። ለእናንተ 5 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ግቢው በአንድ መስመር ካልበቃ መሐል ላይ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ጠፍጣፋ ማረፊያ አድርጋችሁ አጥፉት። በሩ ፊት ለፊትም ያንኑ ያህል ጠፍጣፋ ተዉ፤ ወንበሩ ተዳፋት ላይ ቆሞ በር መክፈት አይቻልም።

ወለሉን ሴራሚክ እንዳታለብሱት። በሐምሌ ዝናብ ሴራሚክ ራምፕ ጤነኛውንም ይጥላል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ተጠርጎ ሻካራ ይሁን። በጎንና በጎኑ ጎማው እንዳይወጣ የሚከለክል ዝቅተኛ ጠርዝ፣ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ መደገፊያ ብረት ይኑረው።

ብዙ ሰው ራምፑን ሠርቶ መታጠቢያ ቤቱን ይረሳል። የእኛ መታጠቢያ ቤት በር ብዙውን ጊዜ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መቃኑ ሲቀነስ ወንበሩ አያልፍም። ሲከፈት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ነጻ መተላለፊያ ይኑረው፤ በሩም ወደ ውጭ ይከፈት። እናትሽ ውስጥ ብትወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ገላዋ ይዘጋዋል። በሩን ስታሰፉ ከላይ ያለው አጭር ቢም አብሮ መርዘም አለበት፤ እዚህ ላይ መሐንዲስ ይጠየቅ። ራምፑ ከግቢያችሁ ወጥቶ የእግረኛ መንገዱን ወይም የጎርፍ ቦዩን እንዳይነካ፤ እሱን ማንም አይፈቅድላችሁም።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት አለኝ። ራምፕ ግዴታ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ?

መልስ፦ የ624ቱ አዋጅ አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። መጸዳጃ ቤቱንም ይጨምራል። ኢትዮጵያ ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስለዚህ ግዴታ ነው። በየሕንፃው ፊት ለፍተሻ ቀን ብቻ የተሠራ የሚመስል ራምፕ ማየት ሰልችቶኛል፤ አናቱ ላይ የአበባ ማሰሮ ይደረደርበታል፣ ወይም መጨረሻው ላይ አንድ ደረጃ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ከምትሠሩ ሲሚንቶውን ቆጥቡት።

ጥያቄ፦ መኖሪያ ቤቴን ለአፀደ ሕፃናት ላከራይ ነው። ምንም አላፈርስም።

መልስ፦ አንድ ብሎኬት ባይነካም አገልግሎቱ ተለውጧል። በአዋጁ አከፋፈል ትንሽ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነው፤ የትምህርት ተቋም ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል፤ መስፈርቱም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ውል ከመፈራረምዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)፦ ቤቴ ጂ ፕላስ አንድ ሲሠራ ለወደፊት ተብሎ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ተርፎበታል። አሁን ሁለተኛውን ፎቅ ልጨምር?

መልስ፦ ከጣሪያ በላይ ብቅ ያለ ፌሮ ምኞት እንጂ ፈቃድ አይደለም። ስለ ኮለኑ ጥቂት ይናገራል፤ ስለ መሠረቱ ግን ምንም። መሐንዲሱ ቢያንስ በአንድ ኮለን ሥር አስቆፍሮ የመሠረቱን ስፋትና የተኛበትን አፈር ማየት፣ የኮንክሪቱንም ጥንካሬ መፈተሽ አለበት። ዓመታት ዝናብ የመታው ፌሮ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ውፍረቱ ይለካ። ሁለተኛው ፎቅ ሲጨመር ቤትዎ ከምድብ «ሀ» ወደ «ለ» ያልፋል፤ ጠቅላላ ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ «ሐ» ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከጣና ዳርቻ ብዙም አይርቅም። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ አለ። በልስን እንደፍነዋለን፤ ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ ይመለሳል።

መልስ፦ ጥቁር አፈር ላይ የተቀመጠ ቤት ይመስላል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። በሐይቁ ዳር ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ጣና በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ በግንቦት ዝቅ ሲል እሱም ይከተለዋል።

ልስኑን ተዉት። በስንጥቁ ላይ በሁለት ቦታ የጣት ውፍረት ያለው ጂፕሰም ለጥፉና ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ወቅቱ ሲለወጥ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ዛሬም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሳይነካ ከቆየ ስንጥቁ የድሮ ነው። እስከዚያው የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው ሥር እንዳያፈስ አርቁት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ፈልጉ፤ ከግድግዳው አጠገብ ባሕር ዛፍ ካለ አፈሩን በበጋ የሚያደርቀው እሱ ሊሆን ይችላል። መሠረት ማጠናከር ከተፈለገ ያ የመዋቅር ሥራ ነው፤ ያለ ዲዛይንና ያለ ፈቃድ ከመሠረት ሥር እንዳትቆፍሩ። ሰው ይሞትበታል።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ለአረጋውያን ብለን በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ላይ የሲሚንቶ ራምፕ መሥራት እንችላለን?

መልስ፦ በራሳችሁ ውሳኔ አይሆንም። በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ለጊዜው በበዓል ቀን የሚዘረጋ፣ ማታ የሚነሣ የእንጨት መወጣጫ ድንጋዩን ሳይነካ ያገለግላችኋል።

ጥያቄ፦ ማመልከቻዬን አስገብቼ «አይሆንም» ተባልሁ። ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረኝም።

መልስ፦ የቃል «አይሆንም» ውሳኔ አይደለም። ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የጎደለ ፊርማ ወይም ከካርታው ጋር ያልገጠመ ሳይት ፕላን ሆኖ ይገኛል፤ በአንድ ቀን ይስተካከላል። ፈቃዱን በሚሰጠው በሕንፃ ሹሙ ውሳኔ ካልተስማማህ አዋጁ የይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቋቁሟል፤ ቦርዱ ግን የሚያየው ወረቀት ነው። ስለዚህ ነገ ስትሄድ በመጀመሪያ ማመልከቻህ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት እንደሆነ አረጋግጥ፤ ካልተሰጠው እንደ አዲስ አስገባና ኮፒው ላይ ማኅተም አስደርግ።