ችግሩ መግባቱ ሳይሆን ሳይቋጠር መውጣቱ ነው

እህቴ፣ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ ብለሽ ያነሳሽውን ጥያቄ ትናንት ማታ አየሁት። «የአንድ ህዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ይሆናል ይሉናል። በዓይን የማይታይ ኒውክሊየስ ውስጥ እንዴት ይገባል? ሂስቶን ላይ ተጠቅልሎ ነው ብለው አለፉት። በቃ? በዚህ ላይ ማስተርስ ብሠራስ?» ነው ያልሽው። እኔ ለፒኤችዲ አውሮፓ አምስት ዓመት የቆየሁት በዚሁ ነገር ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄሽን መጀመሪያ ትንሽ ላዙረው። መግባቱ ያን ያህል አያስቸግርም። ዲኤንኤ ረጅም ይሁን እንጂ እጅግ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ብቻ። ክሩ ራሱ የሚይዘው ቦታ ቢሰላ የኒውክሊየሱን አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ጉዱ ያለው መውጣቱ ላይ ነው። እናቴ ጥጥ ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግኩት። ፈትሉን ቅርጫት ውስጥ ዝም ብለሽ ብትወረውሪው ይገባል። ስትፈልጊው ግን ጫፉ ይጠፋል፣ ይወሳሰባል፣ ስትጎትቺው ይበጠሳል። የሰው ህዋስ ደግሞ ያለው አንድ ፈትል አይደለም፣ 46 ነው፤ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ይባላል። ሊከፈል ሲል እያንዳንዱ ይባዛና 92 ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ሳይበጠሱና ሳይቋጠሩ እኩል ለሁለት መካፈል አለባቸው። ይህ መካፈል በሰው ህዋስ ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው።

አሁን ወደ ሂስቶን፣ ዲኤንኤው ወደሚጠቀለልበት ፕሮቲን። አስተማሪሽ አልዋሹም፤ ቶሎ አቆሙ እንጂ። ሂስቶንን ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል በ1884 ከዝይ ደም አወጣው። የወፍ ቀይ የደም ህዋስ እንደ እኛ ሳይሆን ኒውክሊየስ አለው። ሂስቶን ዲኤንኤውን እንዴት እንደሚይዘው የታየው ግን ከ90 ዓመት በኋላ ነው። በ1974 ሮጀር ኮርንበርግ ስምንት ሂስቶኖች ተሰብስበው ዲኤንኤው እንደሚጠመጠምባቸው ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኦሊንስ ባልና ሚስት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሱትን ምስል አወጡ፤ በክር የተሰካ ጨሌ ነው የሚመስለው። በ1997 ደግሞ ዝርዝሩ በክሪስታል ታየ። በአንዷ ጨሌ ላይ 147 የቤዝ ጥንዶች (የዲኤንኤ ርዝመት የሚቆጠርባቸው ደረጃዎች)፣ ከአንድ ዙር ተኩል ትንሽ አለፍ ብለው ይጠመጠማሉ።

እስቲ እናስላ። ይሄ ጥምጥም ዲኤንኤውን በርዝመት የሚያሳጥረው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። የሰው አንደኛው ክሮሞዞም ቢዘረጋ 8 ሴንቲሜትር ተኩል ይሆናል። ህዋስ ሲከፈል ግን 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው የምታዪው። ይህ ማለት ወደ 8,000 እጥፍ አጥሯል። ሂስቶን ሰባቱን አደረገ። ሌላውን ማን አደረገው?

መጽሐፍሽ እዚህ ላይ አንድ ሥዕል ይሰጥሻል። ጨሌዎቹ ተጠምዝዘው 30 ናኖሜትር ገመድ ይሆናሉ፣ ገመዱ እንደገና ይጠመዘዛል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ክሮሞዞም ይሆናል። የሚያምር ሥዕል ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ በልቤ ይዤው ነበር። ገመዱ በሙከራ ቱቦ ውስጥ እውነትም ይሠራል። ነገር ግን በ2008 በመከፈል ላይ ያለ የሰው ህዋስ በቅጽበት አቀዝቅዘው ሲመለከቱት አላገኙትም። በ2017 በሌላ ዘዴ የተሠራ ምርምርም አላገኘውም። የታየው የተዘበራረቀ የጨሌ ክር ነው። (ፈተና ላይ ግን የተጠየቅሽውን መልሺ፣ እኔን ምስክር እንዳትጠሪ።)

እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ አንድ ምስል ነው። በ1977 ጄምስ ፖልሰንና ኡልሪክ ሌምሊ ከክሮሞዞም ላይ ሂስቶኖቹን ጠርገው አወጡ። ሂስቶን ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚይዘው ሁሉም ነገር ይበተን ነበር። አልተበተነም። መሐል ላይ የክሮሞዞሙን ቅርጽ የያዘ የፕሮቲን አጽም ቀረ፤ ዲኤንኤው ከዚያ እየወጣ ተመልሶ እየገባ ዙሪያውን እንደ ጎፈሬ ተንጨባሯል። እያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ የሌለው ሉፕ ነው።

አጽሙ ውስጥ ካሉት ዋና ፕሮቲኖች አንዱ ቶፖአይሶሜሬዝ ሁለት ነው። ሥራው አንዱን ዲኤንኤ ቆርጦ ሌላውን በመሐሉ ማሳለፍና መልሶ መቀጠል ነው። የቋጠሮ ፈቺ ነው በአጭሩ። ሌላው ኮንደንሲን ይባላል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ታትሱያ ሂራኖ ዋና ክፍሎቹን በ1994 ከእንቁራሪት እንቁላል አገኘ፤ በ1997 ደግሞ አምስት ክፍል ያለው ሙሉ አካሉን ለይቶ አወጣ።

የኔ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሙከራው እንዲህ ነው። ዜኖፐስ ከሚባለው የአፍሪካ እንቁራሪት (ዘመዶቹ እኛም አገር አሉ) እንቁላል ትሰበስቢያለሽ። በሴንትሪፊውጅ ስታሽከረክሪው ይፈነዳና መሐሉ ላይ ጭማቂው ይቀራል። ጭማቂው ገና በክፍፍል መሐል የቆመ ነው፤ እንቁላሉ የወንዱን ዘር እየጠበቀ ስለነበር። ከዚያ የእንቁራሪት ስፐርም ኒውክሊየስ ትጨምሪበታለሽ። በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ህዋስ በሌለበት ቱቦ ውስጥ፣ ክሮሞዞም ሲሠራ ታያለሽ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቼ ምሳ ረሳሁ።

የኔ ሥራ በአንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) ኮንደንሲኑን ከጭማቂው አውጥቶ ምን እንደሚጎድል ማየት ነበር። አወጣሁት። ክሮሞዞም የለም፤ ደመና የመሰለ ዲኤንኤ ብቻ። ሂራኖ ያየውም ይህንኑ ስለነበር ደስ አለኝ። ሁለት ወር ደጋገምኩት፣ ፎቶ ሰበሰብኩ፣ ስላይድ ሠራሁ። በስብሰባ ላይ አንዷ የላብራቶሪ ባልደረባዬ «ኮንትሮልሽ፣ ማወዳደሪያሽ ምንድን ነው?» አለችኝ። ምንም ያልተነካ ትኩስ ጭማቂ ነው አልኳት። «እሱማ ኮንትሮል አይደለም» አለች። አንቲቦዲ ለማሳለፍ አንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኮንትሮሉም ምንም ነገር በማይዝ ሌላ አንቲቦዲ ውስጥ እኩል መንገላታት ነበረበት።

እንዳለችው አደረግኩ። ኮንትሮሉም ደመና ሆነ! ሰማይ ተደፋብኝ። ምክንያቱን ለማግኘት ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መታጠቢያ ፈሳሼ ውስጥ ካልሲየም የሚይዘውን ኬሚካል ረስቼዋለሁ። ለእንቁላሉ ደግሞ ካልሲየም ማለት «የወንዱ ዘር ደረሰ» የሚል መልእክት ነው። ጭማቂው መልእክቱን ሰምቶ ከክፍፍል ወጣ፣ ክሮሞዞሙም ተፈታ። ሁለት ወር ሙሉ የኮንደንሲን እጦት እያልኩ ፎቶ ያነሳሁት የራሴን ስህተት ነበር።

ፈሳሹን ካስተካከልኩ በኋላ ኮንትሮሉ ጥርት ያለ ክሮሞዞም ሆነ፣ ኮንደንሲን ያጣው ደመና። ንጹሕ ኮንደንሲን መልሼ ስጨምርበት ደግሞ ክሮሞዞሙ ተመለሰ። ይህ መመለስ ነው ሰው የሚያሳምነው፤ ማጥፋትማ ማንም ያጠፋል።

ኮንደንሲን ታዲያ ምን ያደርጋል? ቀለበት መሰል ነው። ዲኤንኤውን ይይዝና ኤቲፒ የተባለውን የህዋስ ነዳጅ እያቃጠለ ይስባል። ቀበቶሽን በዘለበቱ ስትስቢ እንደሚወጣው፣ ሉፑ እያደገ ይሄዳል። ይህ ለረጅም ጊዜ ግምት ነበር። በ2018 ከዴልፍትና ከሃይደልበርግ የመጡ ተመራማሪዎች ሁለት ጫፉ መስታወት ላይ በተጣበቀ ዲኤንኤ ላይ የእርሾ ኮንደንሲን ጨምረው በቀጥታ ሲስብ ቀረጹት። በሰከንድ እስከ 1,500 የቤዝ ጥንድ። ቪዲዮው የታየ ቀን የኛ ላብራቶሪ ሥራ ፈቶ ዋለ። በዚያው ዓመት በዶሮ ህዋስ የተሠራ ሌላ ምርምር ሁለት ዓይነት ኮንደንሲን ተባብረው እንደሚሠሩ አሳየ፤ አንደኛው 400,000 ገደማ ቤዝ የሚይዝ ትልቅ ሉፕ ይስባል፣ ሌላው ያንን በ80,000 ገደማ ይከፋፍለዋል። እንግዲህ ያቺ ጎፈሬ ማለት ነው።

እንግዲህ የቋጠሮው መልስም እዚህ አለ። እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱን ክር ወደ ራሱ እየሳበ ስለሚሰበስብ ከጎረቤቱ ይለያል። የተያያዘች ቦታ ካለች ያ ቋጠሮ ፈቺ ይቆርጥላታል።

የኮንደንሲን ዘመድ ኮሂሲንም አለ፤ የተባዙትን ሁለት እህትማማች ክሮሞዞሞች እስከ መለያያ ሰዓታቸው አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። ይህ የላብራቶሪ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኮሂሲንን ዲኤንኤ ላይ የሚጭነው ፕሮቲን ሲበላሽ ኮርኔሊያ ደ ላንጅ የተባለ፣ ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት ሕመም ይመጣል።

ማስተርሱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። የእንቁራሪት ጭማቂና ያን ዓይነት ማይክሮስኮፕ ውድ ነው፤ ሳታገኚ ዓመት ያልፋል። ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ሃይሲ (Hi-C) ይባላል፤ የዲኤንኤ የትኛው ቦታ ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ የሚያሳይ ከ2009 ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው። ብዙ ዳታ በነጻ ተቀምጧል፤ ላፕቶፕ ካለሽና ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ካወቅሽ መጀመር ትችያለሽ። ሁለተኛው የኛው እህል ነው። ጤፍ 40 ክሮሞዞም አለው፣ የአረቢካ ቡና 44። ግን የጤፍ ጥቃቅን ስለሆነ በእሱ አትጀምሪ፣ ተስፋ ያስቆርጥሻል። በባቄላ ጀምሪ። 12 ብቻ ናቸው፣ ግዙፍ ናቸው። በ1957 ኸርበርት ቴይለር የተባዙት ክሮሞዞሞች አሮጌና አዲስ ክር እንዴት እንደሚካፈሉ ያየው በባቄላ ሥር ነው።

ባቄላውን ነክረሽ አብቅይው። የሥሩን ጫፍ ቁረጪ፣ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ አሳድሪው። በነጋታው ሞቅ ባለ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥቂት ደቂቃ አለስልሰሽ ቀለም ንከሪው። ከዚያ ስላይድ ላይ አስቀምጠሽ፣ በላዩ ስስ መስታወቱን አድርገሽ በአውራ ጣትሽ ቀጥ አድርገሽ ተጫኚ። ሲጫኑት ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ክሮሞዞሞቹም አብረው ይጨማደዳሉ። ጠርዙን በሌላ እጅሽ ያዢው። እኔ ይህችን ሳላውቅ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭቃ ነው ያየሁት።