«ያለ አባት ያደገ ልጅ መረን ይወጣል» ይሉኛል፦ ጥያቄና መልስ

በወጣት አጥፊዎች ጉዳይ ለዓመታት የሠራሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሳላድበሰብስ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ሦስት ዓመት ሆነን። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ዘመድ ሁሉ «ያለ አባት ያደገ ልጅ መረን ይወጣል» እያለ ያስጨንቀኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንዲሁ «አይዞዎት» ከምል ማስረጃውን ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1961 በለንደን ዶናልድ ዌስት የጀመረውና ዴቪድ ፋሪንግተን የቀጠለው ጥናት 411 ወንዶች ልጆችን ከ8 ዓመታቸው ጀምሮ እስከ ጉልምስና ተከታትሏል። ወላጅ የሞተባቸው ልጆች፣ ወላጆቻቸው ተጣልተው ከተለያዩባቸው ይልቅ በወንጀል የተገኙት ያነሱ ናቸው። ሳይፋቱ ዘወትር በሚጨቃጨቁ ወላጆች መካከል ያደጉትም ከፍቺ ልጆች አልተሻሉም። ልጁን የሚበላው ጠቡ ነው። አባቱን በፊቱ አያጥላሉ፤ የሚገናኙበት ቀን ካለም አይዛነፍ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ከድህነት የሚመጣ አይደለም?

መልስ፦ የድህነት ድርሻ ትልቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ልጁ ጋ የሚደርሰው በወላጁ ድካም በኩል ነው። ስልክ ሰርቆ የተያዘ የ13 ዓመት ልጅ «ማታ ስትገባ ማን ይጠብቅሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «በራችን አይቆለፍም» አለኝ። እናቱ አትክልት ልትነግድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትወጣለች፤ እሱ ሲገባ እንቅልፍ ጥሏታል። ችሎት ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ አይቻታለሁ። እንዲህ ያለችውን ሴት «ልጅ ማሳደግ አታውቅም» ሲሏት ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ አባቱ የታሰረ ልጅ ጥፋትን በደም ይወርሳል?

መልስ፦ በለንደኑ ጥናት ከቤተሰቦቹ 6 ከመቶ የሚሆኑት የጥፋተኝነት ፍርዶቹን ግማሽ ያህል ይዘዋል። ይህን በደም ማሳበብ ግን አያዋጣም። አባት ሲታሰር ገቢው ይቋረጣል፣ ተቆጣጣሪ ይጠፋል፣ የልጁም ስም በሰፈሩ ይጎድፋል።

ጥያቄ፦ ዱላስ?

መልስ፦ አያርምም። ዛሬ በቀበቶ ገርፎ ነገ ያንኑ ጥፋት በዝምታ የሚያልፍ አባት ልጁን መደበቅ ያስተምረዋል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ በስርቆት ተከሷል። የቤታቸውን ችግር ለፍርድ ቤት መናገር አይጎዳውም?

መልስ፦ ይጠቅመዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ከአዋቂ ለይቶ ያያል፤ ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ ወላጆችንና መምህራንን መጠየቅ ይችላል። ልጁ በዘመድ ኃላፊነት ሥር ሆኖ ክትትል እየተደረገለት እንዲማር ማድረግም ሕጉ ከሚፈቅዳቸው እርምጃዎች አንዱ ነው። ያ ዘመድ መሆን ከቻሉ በቀጠሮው ቀን ችሎት ይገኙ፤ የትምህርት ውጤቱንም ይያዙለት።